በስቴላሪስ የኮሎኒ ሕዝብ ዕድገትን ስለ ማስተዳደር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስቴላሪስ የተባለው የጠፈር ስትራቴጂ ጌም እ.ኤ.አ. በ2016 ከወጣ ወዲህ የሕዝብ አስተዳደር ሥርዓቱ ሦስት ጊዜ ከመሠረቱ ተለውጧል፤ በ2018 መጨረሻ በ2.2፣ በ2021 በ3.0፣ በ2025 ደግሞ በ4.0 ስሪት። ደሴና ኮምቦልቻ ካሉ ተጫዋቾች የሚደርሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከ3.0 ጀምሮ እስከ 4.0 መምጣት ድረስ ያሉትን፣ እኔ የ3 ተከታታይ የምላቸውን ስሪቶች የሚመለከቱ ናቸው፤ ምክንያቱም አዲሱን ስሪት ለማውረድ የሚፈጀው የኢንተርኔት ፓኬጅ ቀላል ባለመሆኑ ብዙዎቻችን ያለንን ይዘን ቆይተናል፣ ጌሙ የሚወርድበት መድረክ ስቲምም የቆየ ስሪት መርጦ መጫወትን ይፈቅዳል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች የ3 ተከታታይ ናቸው። በ4.0 አንዱ የድሮ ፖፕ (የሕዝብ መቁጠሪያው ክፍል) መቶ ሆኖ ስለ ተመነዘረ፣ ሐሳቡ ቢያገለግልም ቁጥሮቹን እንዳሉ መውሰድ አይቻልም።

ፖፕ ማለት አንድ ሰው ነው?

አይደለም። ፖፕ በአንድ ፕላኔት ላይ የሚኖር፣ አንድ መኖሪያ የሚይዝና አንድ የሥራ ቦታ የሚሸፍን የሕዝብ ክፍል ነው። ጌሙ በውስጡ ስንት ነፍስ እንዳለ አይነግረንም፤ ለአጨዋወቱም አያስፈልግም።

ፕላኔቴ ሰፊ ሆኖ ሳለ ሕዝቡ ለምን ቀስ ብሎ ያድጋል?

ይህ ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ጥያቄ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እመልሰዋለሁ። እያንዳንዱ ኮሎኒ፣ ማለትም ሕዝብ ያሰፈራችሁበት ፕላኔት፣ በየወሩ የዕድገት ነጥብ ያጠራቅማል። መነሻው 3 ነጥብ ነው፤ በጨዋታው መጀመሪያ አንድ አዲስ ፖፕ እንዲወለድ ወደ 100 ነጥብ ያስፈልጋል። ሌላ የሚጨምርም የሚቀንስም ነገር ከሌለ ታዲያ አንድ ፖፕ ለማግኘት 34 ወር ገደማ፣ ማለትም ወደ ሦስት ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ይፈጃል። አዲስ ተጫዋች ይህን ስለማያውቅ የመጀመሪያውን ኮሎኒ ከመሠረተ በኋላ በየወሩ እየከፈተ ያያል፣ ምንም ለውጥ ሲያጣም ጌሙ የተበላሸ ይመስለዋል።

መነሻው ላይ የሚጨመረው ወይም ከእሱ የሚቀነሰው ግን ፕላኔቱ ምን ያህል ሰው የመያዝ አቅም እንዳለው ታይቶ ነው። አቅሙ የሚሰላው ከተሠሩት መኖሪያዎች ብቻ አይደለም፤ ገና ያልተሠሩ የዲስትሪክት (የከተማ፣ የእርሻ፣ የማዕድን ወይም የኢነርጂ ክልል) ቦታዎችም ይታሰባሉ። ዕድገቱ ሕዝቡ ጥቂት ሲሆን ዝግ ያለ ነው፤ የአቅሙ ግማሽ አካባቢ ሲደርስ ከፍ ይላል፤ ወደ ሙሉ አቅሙ ሲጠጋ እንደገና እየቀነሰ ይሄዳል። እርሾ የገባበት የእንጀራ ቡኮ በዚሁ መንገድ ነው የሚሠራው፤ መጀመሪያ ዝም ይላል፣ ቀጥሎ ይነሣል፣ መጨረሻ ላይ የሚበላው ሲያጣ ይረጋል። ይህንን የዕድገት መስመር በሒሳብ ቀመር ያስቀመጠው ፒየር ፍራንሷ ቨርሁልስት የተባለ የቤልጂየም ሰው ሲሆን፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1838 ነበር። ጌሙ የተዋሰው የእሱን ሐሳብ ነው፤ ጨዋታ ሲጀመር በሚመረጠው ቅንብር ውስጥም የዚህ ጭማሪ ጣሪያ ከፍና ዝቅ የሚደረግ ተንሸራታች ሆኖ ተቀምጧል፣ ነባሪ ዋጋው 1.5 ነው።

ከዚህ የሚወጣው ተግባራዊ ትምህርት ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው። ዋና ፕላኔትዎ ጢም ብሎ ሞልቶ ከሆነ፣ የወሊድ ፍጥነት የሚጨምር ማንኛውም ነገር ቢገዙበት የሚያገኙት ትርፍ ትንሽ ነው። በዚያው ሀብት በፕላኔቱ ላይ የተጋረጡትን እንቅፋቶች፣ ማለትም ረግረጉን፣ ገደሉንና ጥቅጥቅ ያለውን ጫካ ብታጸዱ ግን የዲስትሪክት ቦታ ይከፈታል፣ አቅሙም ከፍ ይላል፣ ዕድገቱም ያለ ሌላ ግፊት ተመልሶ ይነሣል። እኔ ከወሊድ ይልቅ ሁልጊዜ ቦታን አስቀድማለሁ።

ግዛቴ በሰፋ ቁጥር ዕድገቱ የሚዘገየው ለምንድን ነው?

ለአንድ ፖፕ የሚያስፈልገው ነጥብ በመላው ግዛትዎ ካሉት ፖፖች ቁጥር ጋር አብሮ ስለሚጨምር ነው። በነባሪው ቅንብር እያንዳንዱ ፖፕ 0.25 ነጥብ ይጨምራል። ስለዚህ 200 ፖፕ ያለው ግዛት ለአንድ አዲስ ፖፕ 100 ሳይሆን ወደ 150 ነጥብ ያስፈልገዋል፤ በወር 3 ነጥብ ብቻ የሚያጠራቅም ኮሎኒ 50 ወር ይጠብቃል ማለት ነው። ይህ ስሕተት አይደለም፣ ታስቦበት የገባ ገደብ ነው። አንዱ ምክንያት የጨዋታው ሚዛን ነው፤ ሁለተኛው የኮምፒውተር አቅም ሲሆን፣ ወደ እሱ መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ። ገደቡ የሚከብዳችሁ ከሆነ አዲስ ጨዋታ ስትጀምሩ ይህን 0.25 የሚወስነውን ተንሸራታች ዝቅ ማድረግ ትችላላችሁ፤ በተጀመረ ጨዋታ ላይ ግን አይቀየርም።

አንድ ትልቅ ፕላኔት ይሻላል ወይስ ብዙ ትንንሽ ኮሎኒዎች?

ለሕዝብ ዕድገት ብቻ ከሆነ ብዙ ኮሎኒዎች ይሻላሉ፤ ምክንያቱም ነጥቡ የሚጠራቀመው በየፕላኔቱ ለየብቻ ነው። አሥር ኮሎኒ ያለው ግዛት አሥር ቦታ ላይ በአንድ ጊዜ ያድጋል፣ አንድ ሰፊ ዋና ከተማ ብቻ ያለው ግን በአንዱ ቦታ ብቻ። ነገር ግን አንድ የኮሎኒ መርከብ 200 አሎይ (መርከብ የሚሠራበት ቅይጥ ብረት)፣ 200 ምግብና 200 የፍጆታ ዕቃ ይፈጃል። ይህ ወጪ በጨዋታው መጀመሪያ ከጦር መርከቦች ጋር በቀጥታ ይሻማል፤ ጎረቤትዎ ጠበኛ ከሆነ ሦስተኛውን ኮሎኒ ከመመሥረትዎ በፊት ድንበርዎን ማየት ይገባል። አዲሱ ኮሎኒ ደግሞ 10 ፖፕ ደርሶ የአስተዳደር ሕንፃውን እስኪያሳድግ ድረስ ከሚሰጠው የሚወስደው ይበዛል።

የአየር ንብረት የማይስማማ ፕላኔት ላይ ሰው ማስፈር ያዋጣል?

ለዚህ ጥያቄ የወሎ ሰው ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አይሄድም። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ስንሄድ የምናገኛት ኮምቦልቻ በ1,850 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ጠዋት በጋቢ ተጠቅልሎ ከደሴ የተነሣ ሰው ኮምቦልቻ ሲደርስ ጋቢውን አጥፎ ይይዛል፤ ይበልጥ ቆላ ወደ ሆነችው ባቲ ከቀጠለማ መያዙም ይቆጨዋል። ኑሮው ግን በሁለቱም ከተሞች ይቻላል። ልዩነቱ ምቾቱ ላይና ወጪው ላይ ነው፣ ጌሙም የሚያሰላው ይህንኑ ነው።

በስቴላሪስ ዘጠኝ ዋና ዋና የፕላኔት ዓይነቶች በሦስት የአየር ንብረት ክፍሎች ተመድበዋል፤ እርጥብ፣ ደረቅና ቀዝቃዛ። ሕዝባችሁ በሚመርጠው ዓይነት ላይ ተስማሚነቱ 80 በመቶ ነው፤ በዚያው ክፍል ውስጥ ባሉ ሌሎች ዓይነቶች ላይ 60 በመቶ፤ ከክፍሉ ውጭ 20 በመቶ ብቻ። ከ100 በታች የጎደለው እያንዳንዱ 1 በመቶ የሕዝቡን ዕድገትና የሥራ ውጤት በግማሽ በመቶ ይቀንሳል፣ ፍጆታውንና የሚፈልገውን ምቾት ደግሞ በ1 በመቶ ይጨምራል። ሒሳቡ ሲሠራ 60 በመቶ ተስማሚ በሆነ ፕላኔት ዕድገቱ በአንድ አምስተኛ ይቀንሳል፤ ይህ የሚቻል ነው፣ ደሴና ኮምቦልቻ እንደ ማለት ነው። በ20 በመቶው ግን ዕድገቱ በ40 በመቶ ይወርዳል፣ ወጪው ደግሞ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ሦስቱ የመነሻ ነጥቦች ወደ 1.8 ስለሚወርዱ የመጀመሪያው ፖፕ የሚወለደው ከአራት ዓመት ተኩል በኋላ ነው።

ስለዚህ የእኔ ምክር በ60ው ላይ ሳትጠራጠሩ ስፈሩ የሚል ነው፤ በ20ው ላይ ግን ለየት ያለ ማዕድን ወይም ድንበር የሚዘጋ ቦታ ካልሆነ በቀር ቴክኖሎጂው እስኪሻሻል ጠብቁ። አንዳንድ ተጫዋቾች ቦታውን ሌላ እንዳይይዘው ብለው 20ውንም ይይዛሉ፤ ቦታ መያዝ ግን የድንበር ጣቢያም ይበቃዋል፣ ሰው ማሰቃየት አያስፈልገውም።

መኖሪያውን ላስቀድም ወይስ ሥራውን?

ሁለቱንም ጥቂት ቀደም ማድረግ ያስፈልጋል፣ ብዙ ቀደም ማድረግ ግን ከመዘግየት ያልተናነሰ ጥፋት ነው። አንድ ፖፕ አንድ መኖሪያ፣ አንድ የምቾት አገልግሎትና አንድ ሥራ ይፈልጋል። የከተማ ዲስትሪክት 5 መኖሪያ ይሰጣል፣ በተጨማሪም ለሕንፃ የሚሆን አንድ ቦታ ይከፍታል፤ የእርሻ፣ የማዕድን ወይም የኢነርጂ ዲስትሪክት ደግሞ 2 መኖሪያና 2 ሥራ ይሰጣል። ከዚህ እንደምታዩት የገጠሩ ዲስትሪክት ራሱን ችሎ ሚዛኑን ይጠብቃል፤ ከተማው ግን ሰው ያስገባል እንጂ በቂ ሥራ ይዞ አይመጣም፤ ሥራው የሚመጣው በተከፈተው ቦታ ላይ ከሚሠራው ሕንፃ ነው።

እኔ በመጀመሪያው ጨዋታዬ ሰው ሳይመጣ ቤቱ ይጠብቀው ብዬ በአንድ አዲስ ኮሎኒ ላይ አምስት የከተማ ዲስትሪክት በተከታታይ አዘዝሁ። አንዱ 500 ማዕድን ስለሚፈጅ 2,500 ማዕድን ወጣብኝ፤ ያ ሁሉ ሳይበቃ እያንዳንዱ በየወሩ 2 ኢነርጂ ስለሚበላ ሦስት ፖፕ ብቻ የሚኖሩባት ፕላኔት በየወሩ 10 ኢነርጂ ለባዶ ቤት ትከፍል ጀመር። ከዚያ ወዲህ ያልለወጥሁት ልማድ አለኝ፤ በአንድ ፕላኔት ላይ ክፍት የሥራ ቦታው ሁለት ሲቀር ቀጣዩን አዛለሁ፣ ከዚያ በፊት አላዝም። አዲስ ፖፕ የሚወለደው በዓመታት ስለሆነ ግንባታው ሁልጊዜ ይቀድመዋል።

ምቾትን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ሲጎድል የሕዝቡ ደስታ ይወርዳል፣ ደስታው የፕላኔቱን መረጋጋት ይጎትታል፣ መረጋጋቱ ከ50 በታች ሲሆን ምርቱ መቀነስ ይጀምራል። ሰንሰለቱ ረጅም ስለሆነ ተጫዋቹ ማዕድኑ ለምን እንደቀነሰ ሲፈልግ ምቾቱ ላይ ሳይደርስ ይደክማል።

ሥራ አጥ ፖፖች በዙብኝ፤ ምን ላድርግ?

አብሽሩ፤ ሥራ አጥነት በራሱ የሽንፈት ምልክት አይደለም፣ ብዙ ጊዜ ፕላኔቱ እንደሞላ የሚነግር ምልክት ነው። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ሥራ አጡ ከየትኛው የኑሮ ደረጃ እንደሆነ ማየት ነው። ሠራተኛ ከሆነ የተገኘውን ክፍት ሥራ ወዲያው ይይዛል። ልዩ ባለሙያ ወይም ገዢ ከሆነ ግን ወደ ታችኛው ደረጃ ለመውረድ ዓመታት ይፈጅበታል፤ እስከዚያው ሥራ ፈትቶ፣ ኩርፊያውን ይዞ ይቀመጣል። አንድ ቤተ ሙከራ አፍርሳችሁ በቦታው እርሻ ብትሠሩ ሳይንቲስቱ ነገ ገበሬ አይሆንም። ስለዚህ ሕንፃ ከማፍረስና ከመለወጥ በፊት ባለሙያዎቹ የሚገቡበትን ሌላ ሕንፃ ማዘጋጀት ያስፈልጋል።

ሕዝቡን ከሞላው ፕላኔት ወደ ባዶው ማዛወር ይቻላል?

ይቻላል፤ ሁለት መንገድም አለው። አንደኛው በራሱ የሚሆነው ነው። ከ3.0 ወዲህ ሥራ አጥ የሆነ ፖፕ በግዛቱ ውስጥ ሌላ ቦታ ክፍት ሥራና መኖሪያ ካለ በየወሩ ወደዚያ የመሄድ ዕድል አለው። ከሞላው ፕላኔት የሚወጣው ሰው ለቦታው እፎይታ ነው፣ ለአዲሱ ኮሎኒ ደግሞ የወሊድን ዓመታት የሚያሳጥር ስጦታ ነው። ይህንን መንገድ ለመጠቀም የሚያስፈልገው አዲሱ ኮሎኒ ላይ ሁልጊዜ ሁለት ሦስት ክፍት ሥራ እንዲኖር ማድረግ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ተጫዋቹ ራሱ መርጦ የሚያዛውርበት የሰፈራ ትእዛዝ ነው። ፖሊሲው ሲፈቅድ ብቻ ይሠራል፣ ወጪ አለው፣ በግዛቱ ውስጥ እኩልነትን የሚያራምደው ቡድንም አይወደውም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ከጌሙ ወጣ ብዬ ልበል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከድርቁ በኋላ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ መተከልና ወደ ጋምቤላ ተወስደው ሰፍረዋል፤ ብዙዎቹም የሄዱት በፈቃዳቸው አልነበረም። በእኛ አካባቢ ሰፈራ የሚለው ቃል በብዙ ቤት ውስጥ የአንድ ዘመድ ስም ያስነሣል። ደገኛው ቆላ ወርዶ ከወባ ጋር የተገናኘበትን ታሪክ የሰማ ተጫዋች፣ ጌሙ ከ80 በመቶ ወደ 20 በመቶ ፕላኔት በአንድ ጠቅታ ሰው ለማዛወር ሲፈቅድለት ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ ከሌላው ቀድሞ ይገባዋል። የጌሙ ሒሳብም ቢሆን ይህን መንገድ አይደግፈውም፤ በግድ የተዛወረው ፖፕ በማይስማማው ፕላኔት ላይ ከሚያመርተው የሚፈጀው ይበልጣል። ስለዚህ ትእዛዙን አዲስ ኮሎኒ ለማቋቋም በተስማሚ ፕላኔት ላይ ብቻ እጠቀምበታለሁ።

ሮቦቶች የሕዝብ ዕድገትን ይተካሉ?

አይተኩም፤ ጎን ለጎን ይሄዳሉ፣ ጥቅማቸውም እዚያ ላይ ነው። የሮቦት መገጣጠሚያ ሕንፃ የሚፈጥረው የሥራ ቦታ በወር 2 የመገጣጠሚያ ነጥብ ይሰጣል፤ ይህ ነጥብ ከተፈጥሯዊው ወሊድ ጋር አይደባለቅም። አንድ ኮሎኒ በወር 3 ነጥብ በወሊድ፣ 2 ነጥብ ደግሞ በመገጣጠም ሲያገኝ ሁለት የተለያዩ ፖፖች በሁለት መስመር እየመጡ ነው። ሮቦቶች ምግብ አይበሉም፣ ኢነርጂ ይበላሉ፤ የአየር ንብረቱም አይገዳቸውም፤ በመሆኑም ከላይ ጠብቁ ያልሁትን የ20 በመቶ ፕላኔት መክፈት ከፈለጋችሁ በእነሱ ጀምሩ። ወጪው ግን በአሎይ ነው፣ አሎይ ደግሞ የመርከብ ሁሉ እናት ስለሆነ በጦርነት ወቅት መገጣጠሚያውን ለጊዜው ማቆም ይገባል።

የምግብ ክምችት ለዕድገት ምን ያህል ያስፈልጋል?

ክምችቱ ባዶ እንዳይሆን ብቻ ተጠንቀቁ። ወርኃዊ ገቢው ትንሽ ትርፍ ካለው ይበቃል፤ ከዚያ በላይ የተከማቸው ምግብ በራሱ ዕድገትን አያፋጥንም። ትርፉ ሲበዛ በገበያ ሽጡት፣ ወይም የፕላኔት ዕድገትን የሚያበረታታውን ውሳኔ አሳልፉበት፤ ገና ወጣት ለሆነ ኮሎኒ ጥሩ ነው፣ ለሞላ ፕላኔት ግን ምግብ ማባከን ነው።

ዕድገትን ማቆም የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ?

አለ፤ ነገር ግን ከሚነገረው ያነሰ ነው። ከ3.3 ስሪት ወዲህ የግዛት ስፋት የሚሰላው በከፊል በፖፖች ቁጥር ነው፤ አንድ ፖፕ 1፣ አንድ ኮሎኒ ደግሞ 10 ነጥብ ይጨምራል። ድምሩ 100 ካለፈ የምርምርና የባህላዊ ልማዶች ዋጋ እየጨመረ ይሄዳል። ይህን አይተው ብዙዎች ሕዝባቸውን በ100 ለማቆም ይታገላሉ። እኔ ግን ቅጣቱ ቀስ በቀስ የሚወጣ ስለሆነ ሥራ ያለው ፖፕ ሁልጊዜ ከሚያስከፍለው በላይ ይሰጣል ብዬ አምናለሁ። ጎጂው ሥራ የሌለው ፖፕ ነው፤ ክፍያውን ይጨምራል፣ ምንም አይሰጥም። ስለዚህ ዕድገት የሚገታው ፕላኔቱ ሞልቶ፣ መሄጃም ጠፍቶ ሲገኝ ብቻ ነው።

ጨዋታው ሲገፋ ኮምፒውተሬ ይጎተታል፤ ከሕዝብ ብዛት ጋር ይያያዛል?

በእርግጥ ይያያዛል። ጌሙ የእያንዳንዱን ፖፕ ሥራና ደስታ ደጋግሞ ያሰላል፤ በጋላክሲው ውስጥ ያሉት ፖፖች በሺዎች ሲቆጠሩ፣ የእናንተ ብቻ ሳይሆኑ የኮምፒውተሩ ተፎካካሪ ግዛቶችም ጭምር ስለሆኑ፣ የጌሙ ቀን እየረዘመ ይሄዳል። በ3.0 የመጣው ገደብ አንዱ ዓላማ ይህን ጫና ማቅለል ነበር። አሮጌ ላፕቶፕ ይዛችሁ የምትጫወቱ ከሆነ መፍትሔው ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ትንሽ ጋላክሲ ምረጡ፣ የተፎካካሪዎችን ቁጥር ቀንሱ፣ ለመኖሪያ የሚሆኑ ፕላኔቶችን የሚወስነውን ተንሸራታች ዝቅ አድርጉ፣ የዕድገት ገደቡን የሚወስነውን ደግሞ ከ0.25 ከፍ አድርጉ። የመጨረሻው ብቻውን እንኳ ለውጡ ይታያል።

ከዚሁ ጋር የራስ ሰር ሴቭን ጊዜ ወደ አጭሩ አድርጉት። ሴቭ በሚደረግበት ቅጽበት ጨዋታው ትንሽ ይቆማል፣ ያም ያናድዳል፤ መብራት ሄዶ የአርባ ዓመት ኮሎኒ ከመጥፋቱ ጋር ግን አይወዳደርም።